የቤንጋሊ ጥምር ፊደላት በዩኒኮድ፦ ቆጠራው፣ ፍለጋውና ቅርጹ የት ላይ ይፋለሳል?

#1 ጠጠር

ሰላም ለሁላችሁ። በአማርኛና በእንግሊዝኛ ደህና ሲሠራ የቆየ የመልእክት መላኪያ ሲስተም ላይ ቤንጋሊ ሊጨመር ነው። ተጠቃሚዎቹ በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚሠሩ ባንግላዴሻውያን ናቸው። በሙከራው አራት ነገር አልሄደም።

ለስም የተሰጠው የ20 ፊደል ገደብ ለዓይን 10 የማይሞላ ስም ሲጻፍ ያልቃል፤ ትርፉ ሲቆረጥ ደግሞ የመጨረሻው ፊደል ሥር አንዲት ጭረት ተንጠልጥላ ትቀራለች። ፍለጋው ለዓይን ምንም ልዩነት የሌላቸውን ሁለት ቃላት አያገናኝም። «ራም» (የኮምፒውተሩ) የሚለው ቃል ሲጻፍ ትክክል ነው፣ ተቀምጦ ሲመለስ ግን ቅርጹ ተለውጧል። አራተኛው፣ በዎርድ ፋይል የመጡት ጽሑፎች ዎርድ ውስጥ ጥሩ ቤንጋሊ ናቸው፤ ወደ ዳታቤዝ ሲገለበጡ የላቲን ፊደል ቅራቅንቦ ይሆናሉ።

ፎንት መቀየር የለወጠው ነገር የለም። ከየት ልጀምር?

#2 ብራና

ፎንቱን ለጊዜው ተወው። መጀመሪያ ማየት ያለብህ ውስጥ የተቀመጡትን ቁጥሮች ነው። ከዚህ በታች ቁጥሮቹን በአስርዮሽ እጽፋቸዋለሁ፤ ባዶ የኤችቲኤምኤል ገጽ ላይ እንዳሉ ብትለጥፋቸው ፊደሎቹ በዓይንህ ፊት ይወጣሉ።

እኛ የለመድነው ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው ገበታው ላይ እንደምንቆጥረው ነው። ሀ 4608፣ ሁ 4609፣ ሂ 4610 እያለ ይሄዳል፤ እያንዳንዱ ሆሄ ራሱን የቻለ አንድ ኮድ ፖይንት (ዩኒኮድ ለአንድ ምልክት የሚሰጠው ቁጥር) ነው። ስለዚህ አማርኛ ላይ የስትሪንጉ ርዝመትና የፊደሉ ብዛት እኩል ይሆናሉ፣ ፕሮግራመሩም ሁለቱ አንድ ነገር ይመስሉታል። ቤንጋሊ ላይ ይህ አይሠራም።

የቤንጋሊ መደብ ከ2432 እስከ 2559 ያሉ 128 ቦታዎች ናቸው። አቀማመጡ የተወረሰው ከህንዱ ኢስኪ ኮድ ነው (የ1988ቱ እትም)፣ በዚህም የተነሣ የህንድ ፊደላት መደቦች እርስ በርስ ይደራረባሉ፦ የዴቫናጋሪ (ሂንዲ የሚጻፍበት ፊደል) «ካ» 2325 ነው፣ 128 ስትጨምርበት የቤንጋሊውን «ኮ» 2453 ታገኛለህ። ዴቫናጋሪ «ቫ» የተቀመጠችበት ቦታ በቤንጋሊ በኩል (2485) ባዶ ነው፤ ቤንጋሊ ያን ድምፅ የሚጽፍበት የተለየ ሆሄ የለውምና። በመደቡ ውስጥ ክፍተት ስታይ የጎደለ ነገር አለ ብለህ አትደንግጥ።

ተነባቢው ሲጻፍ «ኦ» የሚመስል ድምፅ አብሮት አለ። ሌላ አናባቢ ሲፈለግ «ካር» የሚባል ምልክት ከኋላው ይከተላል። አናባቢው እንዲጠፋ ሲፈለግ «ሆሾንቶ» ይከተላል፣ ቁጥሩ 2509። ዩኒኮድ «ቪራማ» ይለዋል። ተነባቢ፣ ሆሾንቶ፣ ተነባቢ ሲደረደሩ ፎንቱ ወደ አንድ ጥምር ፊደል ያዋሕዳቸዋል። ጥምሩ የራሱ ቁጥር የለውም። ከ200 በላይ ጥምሮች አሉ፣ ሁሉም በዚህ መንገድ ይሠራሉ። ለምሳሌ «ኺዮ» የሚሉት ጥምር ይህ ነው፦

&#2453;&#2509;&#2487;

ሁለተኛው ሕግ፦ የሚቀመጠው ቅደም ተከተል የንባቡ እንጂ የዓይኑ አይደለም። ኢ-ካር (2495) እና ኤ-ካር (2503) በወረቀት ላይ ከተነባቢው በስተግራ ይሳላሉ፣ በኮዱ ግን ሁልጊዜ ከተነባቢው በኋላ ናቸው። «ኬ» (ማን) ማለት &#2453;&#2503; ነው። ኦ-ካር (2507) ደግሞ ተነባቢውን ከግራም ከቀኝም ያቅፈዋል፤ እሱም ቢሆን አንድ ኮድ ነው፣ ከተነባቢው በኋላ።

#3 መቃ_ብዕር

የብራናን ይዤ ወደ ቆጠራው ልግባ። «ራሽትሮ» (መንግሥት፣ አገር) የሚለውን ውሰድ፦

&#2480;&#2494;&#2487;&#2509;&#2463;&#2509;&#2480;

አንባቢው ሁለት ነገር ያያል፦ «ራ» እና «ሽትሮ»። ኮድ ፖይንቱ 7 ነው። በዩቲኤፍ-8 (ኮዶቹ ወደ ባይት ከሚለወጡባቸው መንገዶች አንዱ) እያንዳንዱ የቤንጋሊ ኮድ 3 ባይት ስለሚወስድ 21 ባይት ይሆናል። በዩቲኤፍ-16 ደግሞ 7 አሃድ።

የ20 ገደብህ የሚያልቀው ኮድ ፖይንት ስለምትቆጥር ነው። የተንጠለጠለችው ጭረትም ሆሾንቶ ናት። ይህን ቃል ከ4ኛው ኮድ ላይ ብትቆርጠው የሚቀረው &#2480;&#2494;&#2487;&#2509; ነው፤ የሚቀጥለው ተነባቢ ስለሌለ ሆሾንቶዋ የምትዋሐድበት አጥታ ከሥር ትታያለች። ከዚህ የባሰው ደግሞ ያን ቁራጭ ከሌላ የቤንጋሊ ቃል ጋር ስትቀጥለው ነው፦ ሆሾንቶዋ ከባዕዱ ቃል የመጀመሪያ ተነባቢ ጋር ትጣመርና ማንም ያልጻፈው ፊደል ይወለዳል።

መቁረጥ ያለብህ በግራፊም ክላስተር (አንባቢው እንደ አንድ ፊደል የሚያየው የኮዶች ስብስብ) ድንበር ላይ ነው። የላይብረሪህን ዕድሜ ግን አረጋግጥ። ከዩኒኮድ 15.1 (2023) በፊት ሕጉ ከእያንዳንዱ ሆሾንቶ በኋላ ድንበር ያስቀምጥ ነበር፤ ስለዚህ «ራሽትሮ» 4 ክላስተር ይወጣዋል። 15.1 ለቤንጋሊ፣ ለዴቫናጋሪ፣ ለጉጃራቲ፣ ለኦሪያ፣ ለቴሉጉና ለማላያላም ጥምሩን የሚጠብቅ ሕግ ጨመረ፣ ውጤቱም 2 ሆነ። አይሲዩ የተባለውን የዩኒኮድ ላይብረሪ የምትጠቀም ከሆነ 74ኛውና ከዚያ በላይ ያለው አዲሱን ሕግ ይዟል። ሰርቨሩ አሮጌ ስልኩ አዲስ ከሆነ አንዱ «ገደቡ አልፏል» ሲል ሌላው ይቀበላል፤ ስለዚህ ቆጠራውን በአንድ በኩል ብቻ አድርገው።

ለስም የምመክርህ ሁለት ገደብ ነው፦ ለተጠቃሚው የሚታየው 20 ክላስተር፣ ከኋላ ደግሞ 100 ኮድ ፖይንት። አንድ ክላስተር በመርህ ደረጃ የፈለገውን ያህል ሊረዝም ስለሚችል ሁለተኛው ከሌለ በር ከፍተህ ትተዋለህ።

አጭር መልእክት የምትልክ ከሆነ ሒሳቡ ይለወጣል። ከመደበኛው የኤስኤምኤስ ፊደል ስብስብ ውጭ የሆነ ጽሑፍ በአንድ መልእክት 70 አሃድ ነው የሚይዘው፣ ከአንድ በላይ ሆኖ ሲያያዝ ደግሞ በክፍል 67። የአማርኛ ሦስት ፊደል ቃል ከ70ው ላይ 3 ይወስዳል፤ «ራሽትሮ» 7 ይወስዳል። የአማርኛውን አብነት አስተርጉመህ በዚያው ገደብ ልላክ ካልክ ደንበኛው ሁለት መልእክት ይከፍላል።

#4 ሰንበሌጥ

መቃ_ብዕር ያልከው ሁሉ ልክ ነው፣ ግን 15.1 ሁሉንም ነገር ፈታ ማለት አይደለም። ሁለት ቦታ ላይ አሁንም ከዓይን ጋር አይስማማም።

አንደኛው «አፕ» ዓይነት የውጭ ቃላት የሚጻፉበት አናባቢ ነው፦ &#2437;&#2509;&#2479;&#2494;&#2474;። እዚህ ላይ ሆሾንቶ የመጣችው ከተነባቢ ሳይሆን ራሱን ከቻለ አናባቢ (2437) በኋላ ነው። አንዳንድ የማረጋገጫ ኮድ «አናባቢ ላይ ሆሾንቶ አይኖርም» ብሎ ይጥለዋል፤ ትክክለኛ አጻጻፍ ነው፣ አትጣሉት። አዲሱ የክላስተር ሕግ የሚሠራው ግን በተነባቢዎች መካከል ብቻ ስለሆነ ከሆሾንቶዋ በኋላ ድንበር ያስቀምጣል። አንባቢው ሁለት ፊደል የሚያይበት ቃል 3 ክላስተር ይሆናል።

ሁለተኛው «ኸንዶ ቶ» ነው፣ 2510። አናባቢ የሌለው «ት»። «ብሆርትሾና» (ተግሣጽ) በሚለው ቃል ላይ ሬፍ («ሮ» ቀድማ ስትመጣ ከሚቀጥለው ፊደል ራስ ላይ የምትሆነው ጭረት) ይጫንበታል፦

&#2477;&#2480;&#2509;&#2510;&#2488;&#2472;&#2494;

ዩኒኮድ ኸንዶ ቶን ከመደበኛ ተነባቢ ስለማይመድበው እዚህም ሬፉን ከተሸካሚው ይለየዋል። አደጋው ትንሽ ነው፣ ቃሉም ብዙ አይገኝም። ሙከራ ውስጥ ግን ይግባ።

አንድ ነገር ከቆጠራው ጋር የሚሄድ፦ በፓይተን መደበኛው የሪጀክስ (የጽሑፍ ንድፍ መፈለጊያ) ሞጁል «የቃል ፊደል» የሚለው ምልክት ካሮችንና ሆሾንቶን አይጨምርም። አማርኛ ላይ ሁሉም ሆሄ «ፊደል» ስለሆነ ችግሩ አይታይም። ቤንጋሊ ላይ ግን ቃሉን በየካሩ ይበጣጥሰዋል፣ የፍለጋ ማውጫህም በስብርባሪ ይሞላል። የቃል መለያውን በዩኒኮድ የቃል ድንበር ሕግ ተኩት።

#5 ብራና

አሁን ሁለተኛው፣ ለዓይን አንድ ሆነው የማይገናኙት። እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንሂድ፣ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ቦታ ነው።

ሦስት ፊደላት አሉ፣ ከሥራቸው ነጥብ ያላቸው፦ 2524፣ 2525 እና 2527። እያንዳንዳቸው በሁለት መንገድ ይጻፋሉ። ወይ በአንዱ ቁጥር፣ ወይ በመነሻው ተነባቢና በነጥቧ (ኑክታ፣ 2492)፦

2524 = 2465 + 2492
2525 = 2466 + 2492
2527 = 2479 + 2492

«ባሪ» (ቤት) ስለዚህ &#2476;&#2494;&#2524;&#2495; ወይም &#2476;&#2494;&#2465;&#2492;&#2495; ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ሕጋዊ ናቸው፣ ዩኒኮድም አቻ ናቸው ይላል። 2527 ደግሞ በየግሡ አለች። «ሆይ» (ይሆናል) የሚለው ትንሽ ቃል ብቻ ፍለጋህን ሊያስተው ይበቃል።

መፍትሔው ኖርማላይዜሽን ነው፣ ማለትም አቻ አጻጻፎችን ወደ አንድ ወጥ መልክ ማምጣት። ከዩኒኮድ ወጥ መልኮች አንዱ ኤንኤፍሲ ይባላል፦ ሲገባም ኤንኤፍሲ፣ ሲፈለግም ኤንኤፍሲ። የሚያስገርመው ግን እዚህ ጋ ነው። ኤንኤፍሲ ያዋሕዳል ብለን ነው የምናውቀው፤ እነዚህን ሦስት ግን ይበትናቸዋል። እንዳይዋሐዱ በተለየ ዝርዝር ውስጥ ተመዝግበዋል፣ ያ ዝርዝርም አይነካም። 2524 አስገብተህ ኤንኤፍሲ ስትጠይቅ 2465 እና 2492 ይወጡልሃል፤ 3 ባይት የነበረው 6 ባይት ሆነ። የባይት ገደብን ከኖርማላይዜሽኑ በፊት የሚፈትሽ ኮድ ካለህ እዚህ ላይ ይወድቃል።

ለካሮቹ ግን ኤንኤፍሲ እንደምንጠብቀው ያዋሕዳል፦ 2503 እና 2494 ሲከታተሉ 2507 ይሆናሉ፣ 2503 እና 2519 ሲከታተሉ 2508።

#6 ድርና_ማግ

እዚህ ላይ አልስማማም። እነዚያ ሦስቱ ለቤንጋሊ አንባቢ ራሳቸውን የቻሉ ፊደላት ናቸው፤ ልጅ በትምህርት ቤት ሲቆጥር ለየብቻ ይቆጥራቸዋል፣ ኪቦርዶችም ብዙ ጊዜ በአንድ ቁጥር ነው የሚያወጧቸው። ዳታቤዙ ውስጥ በአንድ ኮድ ማስቀመጥ ቦታ ይቆጥባል፣ አሮጌ ፎንቶችም ነጥቧን በትክክል ያስቀምጧታል። ሲበተኑ ነጥቧ ከፊደሉ ርቃ የምትወድቅባቸው ፎንቶች አሉ። ኤንኤፍሲ ካለፈ በኋላ ሦስቱን መልሶ መግጠም በጣም ቀላል ነው፣ ሦስት ምትክ ብቻ።

#7 ብራና

ድርና_ማግ፣ ስለ አንባቢው ያልከው ልክ ነው። ኮዱ ግን በአንተ እጅ ብቻ አይቆይም። ሌላ ሲስተም፣ ሌላ ላይብረሪ፣ የዶሜይን ስም መመዝገቢያ፣ ሁሉም ኤንኤፍሲ ይጠይቃሉ ወይም ሳይጠይቁ ያደርጉታል። አንተ በገጠምክ ቁጥር እነሱ ይበትናሉ፣ ዲጂታል ፊርማና ሃሽም ይለወጣል። ስለዚህ ውስጥ ያለው ማከማቻ ኤንኤፍሲ ይሁን። ለአሮጌ ፎንት ወይም ለአሮጌ ማተሚያ መሣሪያ የሚሄድ ነገር ካለ ግን ያንተን ሦስት ምትክ በመውጫው በር ላይ፣ በመጨረሻው እርምጃ አድርገው። ወደ ዳታቤዙ እንዳይመለስ ብቻ።

#8 ድርና_ማግ

በመውጫው ላይ ከሆነ እስማማለሁ። ግን ጠጠር፣ ኤንኤፍሲ አድርጌያለሁ ብለህ እንዳትተኛ። ኤንኤፍሲ የማይነካቸው፣ ለዓይን ግን አንድ የሆኑ ሌሎች አሉ። ዩኒኮድ አቻ ስለማይላቸው በእጅህ ነው የምትጠግናቸው፦

«ሮ» (2480) የምትመስለው የ«ቦ» (2476) እና የነጥብ (2492) ጥምረት። ቅርጹ ያው ነው፣ ቦ ከሥሩ ነጥብ ሲደረግለት ሮ ይመስላል። ትክክሉ 2480 ብቻ ነው።

«አ» (2438) የምትመስለው የ2437 እና የአ-ካር (2494) ድርድር። ትክክሉ 2438።

ኸንዶ ቶ። 2510 ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ4.1 (2005) ነው። ከዚያ በፊት በ2468፣ 2509፣ 8205 ይጻፍ ነበር፤ ከዚያ ዘመን የቀሩ ጽሑፎች ዛሬም እንዲያ ናቸው። ወደ 2510 ቀይራቸው።

ዓረፍተ ነገር የሚዘጋው ቀጥ ያለ መስመር። ትክክሉ 2404 ነው፣ ሰው ግን የኪቦርዱን ቋሚ መስመር (124) ይጫናል። ልብ በል፣ 2404 የሚገኘው በዴቫናጋሪ መደብ ውስጥ ነው፣ የህንድ ፊደላት የሚጋሩት ምልክት ስለሆነ። «ከ2432 እስከ 2559 ብቻ ይፈቀድ» የሚል ማረጋገጫ ካለህ ይህን ምልክት፣ ከዚያም መቃ_ብዕር ወይም ሌላ ሰው የሚያስረዳቸውን 8204 እና 8205ን ሁሉ ይጥላል።

ቅደም ተከተሉ፦ መጀመሪያ እነዚህ ጥገናዎች፣ ቀጥሎ ኤንኤፍሲ። ነጥብና ሆሾንቶ ተገለባብጠው ከተጻፉ (2509 ቀድማ 2492 ተከትላ) ኤንኤፍሲ ራሱ ነጥቧን ወደ ፊት ያመጣታል፤ ያንን አንተ አትንካው።

#9 ጠጠር

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ሰንጠረዡ ላይ ሞከርኩት፣ የማይገናኙት አብዛኞቹ 2527 እና ተበትኖ የተጻፈው አቻዋ ሆነው ተገኙ። «ራም» ግን አሁንም እንደዚያው ነው። ሲገባ 6 ኮድ፣ ሲወጣ 5።

#10 መቃ_ብዕር

የጠፋው 8205 ነው። ዚሮ ዊድዝ ጆይነር ይባላል፣ በዓይን የማይታይ አገናኝ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። «ሮ» ከሌላ ተነባቢ ጋር ስትጣመር ቦታዋ ሁለት ዓይነት ነው። ቀድማ ከመጣች ከሚቀጥለው ፊደል ራስ ላይ የምትወጣ ጭረት ትሆናለች፣ «ሬፍ» ይሏታል። ተከትላ ከመጣች ከሥር ትገባለች፣ «ሮ-ፎላ»። «ጆ» (2479) ደግሞ ስትከተል ከቀኝ በኩል ተጠማዝዛ «ጆ-ፎላ» ትሆናለች። አሁን 2480፣ 2509፣ 2479 ሲደረደሩ ሁለቱም ይቻላሉ፦ ወይ ሬፍ በጆ ላይ፣ ወይ ሙሉ ሮ ከጆ-ፎላ ጋር። ያለ ምልክት ሲጻፍ ሬፍ ነው የሚሆነው፤ «ሹርጆ» (ፀሐይ) እንዲህ ይጻፋል፦

&#2488;&#2498;&#2480;&#2509;&#2479;

«ራም» ግን ጆ-ፎላ ነው የሚፈልገው። ስለዚህ አገናኙ ከሮ በኋላ፣ ከሆሾንቶ በፊት ይገባል፦

&#2480;&#8205;&#2509;&#2479;&#2494;&#2478;

8205 ስትጠፋ ቃሉ በሬፍ ይሳላል፣ አንባቢውም «ርጃም» ብሎ ያነበዋል። አንተ ጋ የሆነው ይኸው ነው። ሲስተምህ ውስጥ «የማይታዩ ምልክቶችን አጽዳ» የሚል ፊልተር አለ ማለት ነው፤ ለደኅንነት ተብሎ የሚገባ ነገር ነው፣ በአማርኛ ላይ ምንም አይጎዳም፣ እዚህ ግን ፊደል ይሰብራል።

ፊልተሩን ጨርሰህ አትጣለው፣ አጥብበው። 8205 ተፈቅዶ የሚያልፈው በ2480 እና በ2509 መካከል ሲሆን፣ ከዚያም 2479 ሲከተል። 8204 (የማይታየው ለያይ) የሚያልፈው ከ2509 ቀጥሎ ሌላ ተነባቢ ሲከተል፤ ሥራው ጥምሩን ከልክሎ ሆሾንቶዋ እንድትታይ ማድረግ ነው። ከዚህ ውጭ ያሉትን አጽዳ። ለፍለጋ ቁልፍ ግን ሁለቱንም ማውጣት ትችላለህ፤ ቁልፉ ለሰው አይታይምና። የሚታየው ጽሑፍ ውስጥ ይቆዩ።

አንድ ወሰን አለ፦ በዶሜይን ስም ይህ ቃል በትክክል አይጻፍም። የዓለም አቀፍ ዶሜይን ሕጉ (የ2008ቱ) 8205ን የሚፈቅደው ከሆሾንቶ በኋላ ከመጣች ብቻ ነው፤ ራም ላይ ግን ከሆሾንቶ በፊት ነው የምትመጣው። ስለዚህ «ራም»ን የመሰለ የውጭ ቃል ያለበት ስም ለዶሜይን ከተመረጠ ሌላ አጻጻፍ መፈለግ ግድ ነው።

#11 ሰንበሌጥ

ሬፍ ከተነሣ አሳምኛ (በህንዷ አሳም ግዛት የሚነገር ቋንቋ) ተጠቃሚ ካላችሁ አንድ ወጥመድ ልጨምር። አሳምኛ የሚጻፈው በዚሁ ፊደል ነው፣ «ሮ» ግን የተለየች ናት፦ 2544። «ዎ» የሚሉትም 2545 ነው፣ ቤንጋሊ የማይጠቀምበት። ሙሉ ፊደሉ ሲጻፍ ልዩነቱ በዓይን ይታያል። ሬፍ ሲሆን ግን 2480ም ሆነ 2544 የሚሰጡት ቅርጽ አንድ ነው፣ ሮ-ፎላም እንዲሁ። አንድ ሰው በቤንጋሊ ኪቦርድ አሳምኛ ከጻፈ በዓይን ትክክል የሆነ፣ በፍለጋ ግን የማይገኝ ቃል ይቀመጣል። ኖርማላይዜሽን አይነካቸውም፣ ሊነካቸውም አይገባም፤ የሁለት ቋንቋ ሁለት ፊደላት ናቸውና። የጽሑፉን ቋንቋ አውቃችሁ ለፍለጋ ቁልፍ ብቻ አቻ አድርጓቸው።

ህንድ «ባሮት» የሚለውን የአገሯን ስም በዚህ ፊደል በሁለት የላይኛ ደረጃ ዶሜይን ይዛለች፣ አንዱ ለቤንጋሊ አንዱ ለአሳምኛ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ይህች አንዲት ሮ ብቻ ናት።

ፊደል ተራ ስታስይዙም ቋንቋውን ለዩ። ኺዮ በቤንጋሊ የኮ ጥምር ነው፣ በኮ ሥር ይደረደራል፤ በአሳምኛ ግን የራሱ ቦታ ያለው ፊደል ሆኖ ከገበታው መጨረሻ ይቆጠራል። ኮዱ በሁለቱም ያው 2453፣ 2509፣ 2487 ነው። በቁጥር ቅደም ተከተል መደርደር በሁለቱም ቋንቋ ስሕተት ነው፣ የሲኤልዲአርን (የዩኒኮድ የየቋንቋው ደንቦች ስብስብ) የቋንቋ ሕግ ተጠቀሙ።

#12 ብራና

የዎርድ ፋይሎቹ። ይህ የኮድ ችግር ሳይሆን የዘመን ችግር ነው፣ እኛም እናውቀዋለን። የድሮውን የቪዥዋል ግዕዝ ፋይል ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር የከፈተ ሰው ያንን የላቲን ዝባዝንኬ አይቶታል። የባንግላዴሽ አቻው «ቢጆይ» ነው፣ ሙስታፋ ጃባር በ1988 ያወጣው፣ ከ«ሹቶኒ ኤምጄ» ፎንት ጋር የሚሄደው። በኅትመት ቤቶችና በመሥሪያ ቤቶች በሰፊው ተሰራጭቷል። በዩኒኮድ የሚጽፈው «ኦቭሮ» ኪቦርድ በ2003 በመህዲ ሐሰን ኻን ሲወጣ አዲሱ ጽሑፍ ወደ ዩኒኮድ ዞረ፣ የቀደመው ክምር ግን እንደነበረ አለ።

በቢጆይ ፋይል ውስጥ ያሉት የላቲን ቁጥሮች ናቸው፤ ፎንቱ ነው ቤንጋሊ አስመስሎ የሚስላቸው። «ባንግላ» የሚለው ቃል ውስጡ ኢ፣ ቪ፣ ኤስ፣ ጄ፣ ቪ የሚሉ የላቲን ትንንሽ ፊደላት ነው። ሬፍ ደግሞ በኮፒራይት ምልክት ይቀመጣል።

ለዋጩን ስትጽፍ ወይም ስትመርጥ እነዚህን ተመልከት፦

በፎንቱ ስም ለይ። ፋይሉ ውስጥ እውነተኛ እንግሊዝኛ ካለ እሱም በተመሳሳይ ቁጥር ነው የተቀመጠው። ዎርድ ለእያንዳንዱ የጽሑፍ ቁራጭ ፎንቱን ስለሚመዘግብ ሹቶኒ የተባለውን ብቻ ለውጥ። ወደ ጽሑፍ ፋይል ገልብጠህ ከዚያ ልለውጥ ካልክ መለያው ጠፍቷል። አንተ ያደረግኸውም እሱን ይመስለኛል።

ረጅሙን አስቀድም። አንዳንዱ ጥምር በሁለት ወይም በሦስት ቁርጥራጭ ምልክት ይሠራል፤ አጭሩ ቀድሞ ከተተካ ረጅሙ አይገኝም።

ኤ-ካርን አንቀሳቅስ። ቢጆይ የሚጽፈው ዓይን እንዳየው ነው፣ ኤ-ካር፣ ኦይ-ካርና ኢ-ካር ከተነባቢው በፊት ናቸው። ማለፍ ያለባቸው ግን አንዱን ተነባቢ ሳይሆን ጥምሩን በሙሉ ነው። «ስሬኒ» (የትምህርት ክፍል) ትክክለኛ መልኩ &#2486;&#2509;&#2480;&#2503;&#2467;&#2495; ነው፤ ሰነፍ ለዋጭ ኤ-ካሯን ከ2486 ቀጥሎ ይጥላትና ቃሉ ይሰበራል። ኤ-ካር ራሷ በቢጆይ ሁለት ኮድ አላት (ነጠላና ድርብ የመስቀል ምልክቶች)፣ የአናቷ መስመር ስላላትና ስለሌላት ነው። ሁለቱም ወደ 2503 ይሂዱ።

ሬፍን በተቃራኒው አንቀሳቅስ። ቢጆይ ከጥምሩ በኋላ ያስቀምጠዋል፣ ዩኒኮድ ከጥምሩ በፊት ይፈልገዋል። «ሞርቶ» (ሟች ዓለም) በዩኒኮድ &#2478;&#2480;&#2509;&#2468;&#2509;&#2479; ነው፤ ሬፉ በቶውም በጆ-ፎላውም ላይ ተሻግሮ ወደ ኋላ መመለስ አለበት።

ከዚያ የድርና_ማግ ጥገናዎች፣ ከዚያ ኤንኤፍሲ። ሲያልቅ በቃል መጀመሪያ ላይ ወይም ከክፍት ቦታ ቀጥሎ የመጣ ካር ወይም ሆሾንቶ ፈልግ። አንድ እንኳ ከተገኘ የአንቀሳቃሹ ሕግ ያመለጠው ጥምር አለ።

#13 ድርና_ማግ

ፒዲኤፍ ከላኩላችሁ ደግሞ ተጠንቀቁ። ከፒዲኤፍ የተገለበጠ ቤንጋሊ ዩኒኮድ ሆኖም ቅደም ተከተሉ የሥዕሉ ሊሆን ይችላል፣ ጥምሮችም ይጠፋሉ። የዎርዱን ዋና ፋይል ጠይቁ።

ስለ ፎንትም አሁን መናገር ይቻላል፣ ኮዱ ከተስተካከለ በኋላ። ምልክቱን አይቶ በሽታውን መለየት ይቻላል። ባዶ ሳጥን ከታየ ፎንቱ ፊደሉ የለውም። ነጠብጣብ ክብ ከታየ ቅደም ተከተሉ ተበላሽቷል፦ ተሸካሚ የሌለው ካር አለ፣ ወደ ኮዱ ተመለሱ። ሆሾንቶ ተገልጣ ከታየችና ኮዱ ልክ ከሆነ ፎንቱ ያ ጥምር የለውም፤ ጽሑፉን አትንኩ፣ ፎንቱን ለውጡ። ኖቶ ሳንስ ቤንጋሊ፣ ሶላይማንሊፒና ካልፑሩሽ ለሙከራ ጥሩ ናቸው።

ሁሉም ጥምር ተበትኖ፣ ኤ-ካርም በቀኝ ቆሞ ከታየ ግን ጥፋቱ የቀራጹ ሞተር (ኮዶቹን አዋሕዶ ቅርጻቸውን የሚያወጣው ፕሮግራም) ነው። አሳሾች በአብዛኛው ሃርፍባዝን ወይም የሲስተሙን ሞተር ስለሚጠቀሙ እዚያ ብዙም አይደርስም። የሚደርሰው ሥዕል ላይ ጽሑፍ የሚያትሙና ፒዲኤፍ የሚሠሩ ላይብረሪዎች ላይ ነው። በፓይተን ፒሎው ካለህ የ«ራቅም» አቀማመጥ መኖሩን አረጋግጥ፤ መሠረታዊው አቀማመጥ ፊደል ከፊደል ይደረድራል እንጂ አያጣምርም።

የፎንት ምርጫ የአጻጻፍ ምርጫም ነው። ጎ እና ኡ-ካር፣ ወይም ሾ እና ኡ-ካር ሲገናኙ ጥንታዊው ቅርጽ የተዋሐደ ነው፤ የምዕራብ ቤንጋል ባንግላ አካዳሚ የሚደግፈው ግልጹ ቅርጽ ግን ክፍሎቹን ለይቶ ያሳያል። ቁጥሮቹ በሁለቱም አንድ ናቸው። ተጠቃሚ «ፊደሉ ተበላሸ» ብሎ ሲጽፍላችሁ ኮዱን ሳታዩ አትለውጡት።

#14 ጠጠር

ፊልተሩ ተገኘ፣ በመቃ_ብዕር ሕግ ተጠበበ፣ «ራም» 6 ኮድ ሆኖ ተመለሰ። ዎርዶቹን ከፎንት ስማቸው ጋር እንደገና እያወጣሁ ነው። አንድ የቀረኝ፦ ተጠቃሚው ወደ ኋላ መሰረዣውን ሲጫን ሙሉ ጥምሩ ይጥፋ ወይስ ቁርጥራጩ? ሁለቱ የሞከርኳቸው የጽሑፍ ሳጥኖች ለየቅል ናቸው።

#15 መቃ_ብዕር

ወደ ኋላ ሲሰርዝ አንድ ኮድ ፖይንት፣ ወደ ፊት ሲሰርዝና ጠቋሚው በቀስት ሲሄድ ሙሉ ክላስተር። ጸሐፊው ሽትሮ ብሎ የመጨረሻዋን ሮ ቢሳሳት 5 ቁልፍ ተጭኖ የሠራውን ጥምር በአንድ ምት ማጣት የለበትም፤ ሮዋን ብቻ አጥፍቶ ሌላ ይተካል። መሐል ላይ ሆሾንቶ ተገልጣ ለቅጽበት ትታያለች፣ ያ ትክክለኛ ነው። ሁለት ነገር ግን በአንድ ምት ይሂዱ፦ ኤንኤፍሲ የበተናቸው ሦስቱ ፊደላት ከነነጥባቸው፣ ምክንያቱም ጸሐፊው በአንድ ቁልፍ ነው የጻፋቸው። እና 8205 ከጎኗ ካለችው 2509 ጋር፣ አለዚያ ተጠቃሚው ምንም የማይለውጥ የሚመስል ምት ይጫንና ኪቦርዱ የተበላሸ ይመስለዋል።